«እናታችን እንዳታውቅ» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እናታችን 64 ዓመቷ ነው፤ የጡት ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሙ እንዳይነግሯት ብንለምናቸው «ታማሚዋ ራሷ ሳታውቅ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) አልጀምርም» አሉን። ጭካኔ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ኬሞ የደም ነጭ ሴሎችን ያመናምናል። በዚያ ሰሞን ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ ማደር ሊገድል ይችላል። ሕመማቸውን የማያውቁ እናት ግን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጠጥተው ይተኛሉ። ጸጉራቸው ሲረግፍስ ምን ልትሏቸው ነው? ደግሞም ካንሰር ክፍል ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው የት እንዳለ አይጠፋውም፤ ብዙ ጊዜ እናትየው አውቀው ለልጆቻቸው ሲሉ ዝም ይላሉ።

እናንተ የምትፈርሙት ወረቀትም አእምሯቸው ሙሉ የሆነ ሰው ፈቃድን አይተካም። መውጫው ሌላ ነው፦ ሐኪሙ ብቻቸውን ሲያገኟቸው «ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ልንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?» ብለው ይጠይቋቸው። «ለትልቁ ልጄ ንገሩት» ካሉ፣ አለማወቅን የመረጡት ራሳቸው ናቸውና ቃላቸው ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ያን ጊዜም ቢሆን የትኩሳቱን ነገር ሊያውቁት ግድ ነው። መርዶ እንኳ ወግ አለው እንጂ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያዋን ላውስሽ ብላኛለች። መዋጮውን ከፍላለች፤ ታዲያ ማን ይጎዳል?

መልስ፦ መጀመሪያ እሷው። ለምሳሌ የስኳር ሕመም ቢኖርብዎ፣ በእሷ ካርድ ላይ ይጻፋል። ነገ ራሷን ስታ ድንገተኛ ክፍል ብትገባ፣ ሐኪሙ ያልወሰደችውን የስኳር መድኃኒት እያሰበ ያክማታል። እሷ ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነች ደግሞ፣ የእርስዎ መርፌ በስሟ ሲመዘገብ «ተወግታ ምንም አልሆነችም» ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ውሸት ካርድ ላይ አይጻፍም።

ገንዘቡም ቢሆን መድን እቁብ አይደለም፤ እድር ነው። ያልታመመ ሰው «ድርሻዬን ለጎረቤቴ» አይልም። ይልቅ የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ከነቤተሰብዎ ይመዝገቡ። መዋጮው በእርግጥ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ መክፈል የማይችሉ ተብለው ከሚመለመሉት ጋር እንዲታዩ ቀበሌዎን ይጠይቁ፤ የእነሱን መንግሥት ይከፍላል።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ «ከዚህ ፋርማሲ ብቻ ግዛ» አለኝ። መብቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከፋርማሲው ጥቅም ካለውማ ነውር ነው። ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ መጠሪያ እንጂ የፋብሪካው ስም ብቻ እንዳይሆን፣ መጠኑና የቀኑ ብዛትም በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቁ። «አቻው፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ያው መድኃኒት፣ ይሆናል?» ይበሉ። የሚጥል በሽታን እንደመሳሰሉት ላሉ ሕመሞች ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው መዝለል ስለማይመከር፣ ሐኪሙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምክንያቱን ግን ይናገር። የመድን አባል ከሆኑ፣ ወደ ውጭ ከመውጣትዎ በፊት መድኃኒቱ በተቋሙ እንደሌለ ማዘዣው ላይ ያስመቱ፤ ያለ ማኅተም ደረሰኙ ብቻውን ብዙ አይረዳዎትም።

ጥያቄ፦ መኪና የገጨው ሰው ይዘን ሄደን «መጀመሪያ ማስያዣ» ተባልን።

መልስ፦ ድንገተኛ ሕክምና ማስያዣ አይጠብቅም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለመኪና አደጋ ተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና ወጪ እስከ 2,000 ብር መድቦ ነበር። ስለዚህ የሰሌዳውን ቁጥርና የኢንሹራንስ ተለጣፊውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ ለትራፊክ ፖሊስ ያስመዝግቡ። ካሸር መስኮት ላይ አይከራከሩ፤ ተረኛውን ሐኪም ያስጠሩ።