የሠሩትን መናገር ብቻውን ንስሐ ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከባለቤቴ ጋር «ቦብ እና ካሮል እና ቴድ እና አሊስ» የሚባል የቆየ የአሜሪካ ኮሜዲ አየን። ባለትዳሮቹ ከሌላ ሰው ጋር ይሄዱና ለትዳር ጓደኛቸው ይነግራሉ። ባለቤቴ «ደብቀው ከሚኖሩት እነዚህ ይሻላሉ፤ መጨረሻ ላይም ከስሕተት ተመልሰዋል» ይላል። ልቤ አልተቀበለውም። እንዲህ ያለውን ፊልም ማየትስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ፊልሙን አውቀዋለሁ። ፖል ማዙርስኪ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል በአሜሪካ ከተፈቀደ 9 ዓመቱ፣ ሆሊውድም የቆየውን የሳንሱር ደንብ ትቶ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ቦብና ካሮል የልብን ሁሉ አውጥቶ መናገር የሚሰበክበት ስብሰባ ሄደው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግልጽነት ሃይማኖታቸው ሆኖ ያርፈዋል። ቦብ ከሌላ ሴት ጋር መተኛቱን ሲናገር ካሮል ስለነገራት ደስ ይላታል!

ቦብን ተራው ሲደርሰው ግን አስተውለሽዋል? ከመንገድ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ከቴኒስ አሠልጣኝ ጋር ያገኛታል። ደሙ ይፈላል። ኋላ መርሑ ትዝ ይለውና ሰውየውን መጠጥ ይጋብዘዋል። ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛው ያ የመጀመሪያው ቁጣ ይመስለኛል። «ባል በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፥ ሥልጣን ለሚስቱ ነው እንጂ» (1ኛ ቆሮ. 7፥4) የሚለው ለባልም ለሚስትም የተጻፈ ነው፤ ቦብ ራሱ ሲበድል ያልታየው፣ ሲበደል ታየው። የወዳጃቸው የቴድ ሚስት አሊስም ወሬውን ሰምታ ስትታወክ ኋላ ቀር ተደርጋ ትሣላለች። በእኔ ግምት ከአራቱ ጤነኛዋ እሷ ነበረች።

ባለቤትሽ ግማሽ እውነት ይዟል። «ኃጢአቱን የሚሰውር አይለማም» ተብሏል፤ ነገር ግን ቃሉ ይቀጥላል፤ «የሚናዘዝባትና የሚተዋት ግን ምሕረትን ያገኛል» (ምሳ. 28፥13)። ቦብ ሲናገር ጸጸት የለውም፤ ካሮልም ይቅር የምትለው በደል አልታያትም። ላስ ቬጋስ ላይ አራቱ አንድ አልጋ ወጥተው መተዋቸው መልካም ነው፤ ያቆማቸው ግን ሐፍረት ነው።

በእኛ ሥርዓት የወደቀ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል። ካህኑ ምሥጢሩን ይጠብቅለታል፣ እንደ አቅሙ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት ቀኖና ይሰጠዋል፤ ወደ ሥጋ ወደሙ የሚመለስበትንም ይነግረዋል። ለትዳር ጓደኛ መቼና እንዴት እንደሚነገር የሚመከረውም ከእርሱ ጋር ነው። ለራስ እንዲቀልል ብሎ ማታ ራት ላይ ሁሉን ዘርግፎ መተኛት ሚስትን ከመግደል አይተናነስም።

ማየቱን በተመለከተ፣ ምኞት የሚቀሰቅስብሽ ከሆነ ዝጊው፤ ጌታ በዓይን ስለሚሠራ ዝሙት ተናግሯል (ማቴ. 5፥28)። ፊልሙ በገጸ ባሕርያቱ ላይ የሚያሾፍ መሆኑን ግን እኔም አልክድም፤ ያየ ሁሉ በደለ ብዬ አልፈርድም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለቤትሽ ይህን ሐሳብ ደጋግሞ የሚያነሣ ከሆነ እንደ መርማሪ አትጠይቂው፤ ስልኩንም አትፈትሺ። «አባታችንን አብረን እናግኛቸው» በይው፤ ከዚያ ለየብቻ ያናዝዟችሁ።