አየሩ ሞልቶ፣ በቆሎዬ ለምን ገረጣ?

ጥያቄ፦ አዳማ ዳር ሩብ ሄክታር በቆሎ አለኝ። ዩሪያ በትኜ ዝናቡ ሳምንት ጠፋ። አሁን የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ተነስቶ መሃል ለመሃል ቢጫ ሆኗል። ልጄ ደግሞ «አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ታዲያ እማዬ ለምን ትገዢዋለሽ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ በቆሎዎ የገረጣው ናይትሮጅን አንሶት ነው፤ ልጅዎም ጥሩ ጠይቋል። የአየሩ ናይትሮጅን አተሞች ሁለት ሁለት ሆነው በጣም ጠብቀው የተያያዙ ናቸው፤ በቆሎ ቢዋኝበትም አይበላው። የሚፈቱት መብረቅ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካና አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ባክቴሪያዎቹን በዓይን ማየት ይቻላል ማለት ይቻላል። ቦሎቄ ሲያብብ አንዱን ከነአፈሩ ቆፍረው ያውጡ፤ ከጎተቱት ዋናው ነገር መሬት ውስጥ ይቀራል። ሥሩን ውሃ ውስጥ ቀስ አድርገው ያለቅልቁት። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩባቸው፣ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ያገኛሉ። አንዷን በጥፍርዎ ይሰንጥቋት፦ ውስጧ ሥጋ መሳይ ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ደክሟል። ያ ቅላት ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ዛሬም ይደንቀኛል።

ዩሪያዎን ምን በላው? ጠዋት የፍየል በረት ሲከፍቱ ዓይን የሚያቃጥለውን ሽታ ያውቁታል። አሞኒያ ነው፤ ከሽንቱ የወጣ ናይትሮጅን ወደ አየር ሲመለስ። ሞቃት አፈር ላይ ተበትኖ ያደረ ዩሪያም እንዲሁ ይተናል። ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ስለሆነ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ሌላ ጊዜ አፈሩ ሲርስ ከግንዱ ትንሽ ራቅ አድርገው ቦይ ያውጡና ጨምረው አፈር ያልብሱት። ውሃ በተኛበት ማሳ ግን ይቅርብዎ፤ አፈሩ አየር ሲያጣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን (ዩሪያው አፈር ውስጥ ተለውጦ የሚሆነውን፣ ሥር የሚመጠውን ናይትሮጅን) መልሰው ጋዝ ያደርጉታል።

በቆሎን ከቦሎቄ ማፈራረቁ ደግ ነው፤ ብዙ ግን አይጠብቁ። ቦሎቄ ከባቄላ ያነሰ ነው የሚሰበስበው፤ ያንንም አብዛኛውን ፍሬው ይወስደዋል። በእኛ አገር ደግሞ ከነሥሩ ተነቅሎ አውድማ ይገባል፣ ገለባው ለከብት ይሰጣል። ከከብቱ የሚመለሰው በእበቱና በሽንቱ ነው። እሱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ሳይ ያመኛል፤ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ከቻሉ ለማገዶ ሌላ ይፈልጉና እበቱን ከገለባና ከበረት ጥራጊ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ከላይ አፈር አልብሰው ያብላሉት።

ቦሎቄው ሲያብብ ሥሩን ልጅዎ ይሰንጥቀው፤ ያየውን ቀለም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።