የልጄን ቤዝቦል የሚዘጋው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ከቤዝቦልና ከዋሽንግተን ናሽናልስ ሌላ ወሬ የለውም፤ እኔም በእሱ ምክንያት ለምጄው አሁን ቴሌቪዥኑን ቀድሜ የምከፍተው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እማዬ፣ በሚመጣው ዓመት ጨዋታ ላይኖር ይችላል፤ ተጫዋቾቹ አድማ ሊመቱ ነው» አለኝ። አንጀቴ አረረ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስንከባከብ እያደርኩ ከማገኛት ላይ ቆጥቤ ነው ትኬት የምገዛለት። በሚሊዮን የሚከፈለው ሰው «አነሰኝ» ብሎ ሥራ ሲያቆም ምን ይባላል? ለመጪው ዓመት ትኬት ልግዛ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ንዴትሽ ገብቶኛል፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። መጀመሪያ ግን ልጅሽ የሰማውን ላቅናው። የተጫዋቾቹ ማኅበርና የቡድኖቹ ባለቤቶች የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። በአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ ተጫዋች በዚያ ወቅት አድማ ቢመታ የሚያስቀረው ነገር የለም። በዚያ ወቅት በር የሚዘጋው ባለቤቱ ነው። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሠራተኛው ሲያደርገው ሥራ ማቆም፣ አሠሪው ሲያደርገው ሥራ መዝጋት ይባላል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ባለፈው ጊዜም ዲሴምበር 2 ቀን 2021 የዘጉት ባለቤቶቹ ነበሩ። 99 ቀን ቆየ፤ ማርች 10 ቀን 2022 ተስማሙ፤ ውድድሩ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ጀመረ እንጂ የእያንዳንዱ ቡድን 162ቱም ጨዋታዎች ተካሄዱ።

የእኔ ቁስል የ1994ቱ ነው። ባልቲሞር፣ ካምደን ያርድስ ስታዲየም አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ የሚከፈለን ጨዋታ ባለበት ምሽት ብቻ ነው። ባለቤቶቹ የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ በሚከፍለው ላይ ወሰን፣ ይደረግ አሉ፣ ተጫዋቾቹ አንቀበልም አሉ፤ ኦገስት 12 ቀን አድማው ተጀመረ። ጊዜውን መርጠውታል፦ እነሱ የዓመቱን ደመወዝ አብዛኛውን ወስደዋል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ትልቁን የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚያገኙት በመጨረሻዎቹ የዋንጫ ጨዋታዎች ነው። ዋንጫው ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይካሄድ ቀረ። ማቆሚያችን ባዶ ሆነ። ጥግ ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጠው ሴትዮ ሁለት ሳምንት እየመጣች ቆማ ተመለሰች፤ ከዚያ አላየኋትም። ለዚህ ነው ትኬትሽን ብቻ ሳይሆን እንደ እኛ ያለውንም ሰው አስቢው የምልሽ። ተጫዋቹም ባለቤቱም በኋላ ገንዘባቸውን አገኙ። የእኛ ያ በጋ ግን የትም አልተመለሰም።

ያኔ ተጫዋቾቹን «ጥጋበኞች» እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ቀጥሎ የመጣው ክረምት ነው። ባለቤቶቹ በአድመኞቹ ፈንታ ምትክ ተጫዋቾች ሊያሰልፉ ተነሡ። እምቢ ያለው የእኛው የባልቲሞር ቡድን ባለቤት ፒተር አንጀሎስ ነበር፤ በአስቤስቶስ ለታመሙ ሠራተኞች እየተሟገተ ሀብት ያፈራ ጠበቃ ነው። የእነሱው ወገን እንዲህ ካለ፣ እኔ በመኪና ማቆሚያ ቆሜ በማን ላይ ነው የምፈርደው አልኩ። ማርች 31 ቀን 1995 ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር፣ ዛሬ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሉት፣ ለተጫዋቾቹ ወሰኑ፤ አድማው በ232ኛው ቀን አበቃ።

ደመወዛቸው ብዙ ነው፤ አልክድም። በ2026 የዓመቱ ዝቅተኛው 780 ሺህ ዶላር ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት እስኪያገለግል ቡድኑን ራሱ መምረጥ አይችልም፤ ብዙው ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይወጣል። አሁን የሚነሣውም ያው የ1994ቱ የደመወዝ ጣሪያ ነው።

ተመልካቹ ተቆጥቶ ነበር። በ1995 በየጨዋታው የሚገባው ሰው ከአምስት አንድ እጅ ቀነሰ። ኒው ዮርክ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሜዳ ገብተው ተጫዋቾቹ ላይ ባለ አንድ ዶላር ኖት በተኑ። ያንን ቁጣ ያበረደው የባልቲሞሩ ተጫዋች ካል ሪፕከን ነው፤ አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው በተከታታይ ሲጫወት ቆይቶ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2131ኛውን ተጫወተ። ማቆሚያው ውስጥ ሆኜ ጩኸቱን ሰማሁ፤ 22 ደቂቃ አላቋረጠም። አለቀስኩ።

የሞንትሪያል ልጆች ግን ያን አላገኙም። አድማው ሲጀመር ቡድናቸው 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ ከሁሉም በላይ ነበር። ከዚያ ተጫዋቾቹን ሸጠ፣ ተመልካቹም ራቀው፤ በ2005 ወደ ዋሽንግተን መጣ። የልጅሽ ናሽናልስ ያ ቡድን ነው። ይህንን ንገሪው።

ስለ ትኬቱ፦ አዲስ ስምምነት ሳይፈረም የዓመት ትኬት አትግዢ። የግድ ከገዛሽም ጨዋታ ቢሰረዝ ገንዘቡ በጥሬው እንደሚመለስ በጽሑፍ አስይዢ። ዋናው ሊግ ቢዘጋም የታችኛው ሊግ ቡድኖች ወደሚጫወቱባቸው ወደ ቦዊ (ሜሪላንድ) ወይም ፍሬድሪክስበርግ (ቨርጂኒያ) ውሰጂው። የታችኛው ሊግ ተጫዋቾች ከ2023 ጀምሮ የራሳቸው ስምምነት አላቸው፤ እስከ 2027 ይቆያል፤ ስለዚህ እዚያ ጨዋታው አይቆምም። በ1994ም አልቆመም። ሥራ ባጣሁበት ኦገስት ቦዊ ሄጄ አይቻለሁ፤ ሜዳው ቅርብ ነው፣ ተጫዋቹ ለሕፃናት ኳስ ላይ ይፈርማል።

ዛሬ ማታ ልጅሽን አስቀምጪና በማቆምና በመዝጋት መካከል ያለውን ልዩነት አስረጂው። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።