መልስ፦ ድመቶቹን አታባርሪያቸው፣ ከልጁ መኝታ ግን አርቂያቸው

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! አማትሽ «ድመት የሕፃን ትንፋሽ ይወስዳል፣ አስወጪያቸው» ብለውሽ ተጨንቀሻል። ድመት ትንፋሽ አይወስድም። የእሳቸው ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ድመት ሙቀት ይወዳል፤ ፊቱ አጠገብ ተጠቅልሎ ከተኛ ልጁን አየር ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሲተኛ በሩ ይዘጋ። አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ እላዩ ላይ ወጥተው ይተኙበታል።

እኛ ጎጃም ደግሞ የቅቤው ነገር አለ። አናቱን ቅቤ ከቀባችሁት ድመቶቹ ሽታውን ተከትለው ሊልሱት ይመጣሉ። እኔን ብትሰሚኝ ቅቤው ይቅር።

ብታባርሪያቸው ቤቱን አይጥ ይወርሰዋል። ለተኛ ሕፃን አይጥ ይብሳል።

ኩሳቸውን በየቀኑ ሌላ ሰው ይጥረገው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ከኩሱ ወደ ሰው ለመተላለፍ ከ1 እስከ 5 ቀን መቆየት አለበት፤ ቶሎ ከተጠረገ ስጋቱ ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቢያቸው፤ በሽታው ድመትንም ይይዛል። አይበለውና ልጁን ከነከሱት ወይም ከቧጨሩት፣ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በውሃና በሳሙና እጠቢውና ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰጂው።