ለቪዛ የተገዛው ኢንሹራንስ ለሥራ የሚሄደውን ሠራተኛ ይበቃዋል ወይ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ጥያቄሽን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ፋብሪካችሁ ከጣሊያን የማሸጊያ ማሽን ገዝቷል። ሁለት ቴክኒሻኖችና የምርት ክፍል ኃላፊው ለሥልጠና ቦሎኛ ሊሄዱ ነው። ለቪዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝታችኋል። አሁን የጠየቅሽው ይሄ ይበቃል ወይ፣ እዚህ ያለን የሠራተኞች የሕክምና ዋስትናስ እዚያ ይሠራል ወይ ነው። ብዙዎቹ "ኤምባሲው ከተቀበለው አትጨነቂ" ብለውሻል። እኔ አልስማማም። ሠራተኛ ወደ ውጭ በመላክ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ኤምባሲው የሚጠይቀው ለራሱ ነው። የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ጣሊያንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቪዛ፣ ሕጉ የሚፈልገው ግልጽ ነው። ሽፋኑ ከ30 ሺህ ዩሮ አይነስ፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች ይሥራ፣ የቆይታውን ጊዜ በሙሉ ይያዝ ይላል። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን ይሸፍን ይላል። በቃ። እንግዳው ቢታመም ዕዳው እነሱ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ሰውዬው እጁ ቢጎዳና ተመልሶ መሥራት ቢያቅተው ማን ይክሰዋል የሚለው የኤምባሲው ራስ ምታት አይደለም። የእናንተ ነው።

የእናንተ የሆነበት ምክንያት በሕግ ተጽፏል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛ የአሠሪውን ትእዛዝ ሲፈጽም የሚደርስበት ጉዳት ከሥራ ቦታውና ከመደበኛ ሰዓቱ ውጭ ቢሆንም በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የሕክምና ወጪውንም ይሸፍናል። ቦሎኛ የሚሄዱት ደግሞ በደብዳቤ ታዘው ነው።

የምርት ክፍል ኃላፊውን ለብቻ እዪው። አዋጁ በሥራ መሪዎች ላይ፣ ማለትም ድርጅቱን የመምራትና የመወሰን ሥልጣን ባላቸው ኃላፊዎች ላይ፣ ተፈጻሚ አይሆንም። እሱ የሥራ መሪ ከሆነ መብቱ የሚታየው በቅጥር ውሉና በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ድርጅቱ ምን እንደሚያደርግለት ከመሄዱ በፊት በደብዳቤ ይሰጠው። ሰው ከተጎዳ በኋላ ስለ ውል መከራከር ለሁላችሁም ከባድ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ሁለቱ ቴክኒሻኖች እዚያ ስብሰባ ላይ አይቀመጡም። ጓንት አድርገው ማሽን ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። ብዙ ርካሽ የጉዞ ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ደግሞ የእጅ ሥራን አይሸፍኑም። የማውቀው አንድ መካኒክ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ላይ ሰንሰለት ሲያጠብቅ ጣቱ ተያዘ። ሆስፒታል ወስደው ቶሎ ሰፉለት፤ ሕክምናው ጥሩ ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ ግን ከኢንሹራንሱ በኩል አንድ ጥያቄ መጣ፤ "ጉዳቱ ሲደርስ ምን እየሠራ ነበር?" የሐኪሙ ሪፖርት "ማሽን ሲገጥም" ይላል። ክፍያው እዚያው ቆመ። ፖሊሲው የሚሸፍነው የቢሮ ሥራ፣ ስብሰባና ኤግዚቢሽን ብቻ ነበር። የከፈለው በመጨረሻ አሠሪው ነው። ቪዛው ግን ያለ ምንም ችግር በዚያው ፖሊሲ ነበር የተሰጠው።

ስለዚህ ለኢንሹራንሱ በደብዳቤ አሳውቂ። ሠልጣኞቹ ማሽን እንደሚነኩ በግልጽ ጻፊ። ለዚህ ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ይጠይቁ ይሆናል፤ ክፈሉት። መልሱን በስልክ አትቀበዪ፣ በፖሊሲው ላይ የተጻፈ ኢንዶርስመንት፣ ማለትም የውሉ አካል የሚሆን ማሻሻያ፣ ይስጡሽ። ማሽኑን የሸጠላችሁን ፋብሪካም በኢሜይል ጠይቂው። በግቢው ውስጥ የሚሠለጥን እንግዳ ቢጎዳ የእሱ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይሸፍናል ወይ? የራሱ ሠራተኞች የተሸፈኑበት ለእናንተ ሰዎች እንደሚሠራ አድርገሽ አትውሰጂ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመጣ፣ መልሱ ያለው በውላችሁ የግዛት ወሰን አንቀጽ ላይ ነው፤ ዋስትናው የት የት እንደሚሠራ የሚናገረው ማለት ነው። እዚህ የሚሸጡ የቡድን ሕክምና ዋስትናዎች ብዙ ጊዜ አገር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠሩት። የቡድን የአደጋ ዋስትና ካላችሁም ያንኑ አንቀጽ ፈልጊ። አንዳንዱ ሃያ አራት ሰዓት፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል ይላል፤ አንዳንዱ ኢትዮጵያ ብቻ። ወሰኑ ጠባብ ከሆነ ለጉዞው ጊዜ እንዲያሰፉላችሁ መጠየቅ ይቻላል።

እዚሁ ላይ የገንዘቡን መጠን እዪው። የአደጋ ዋስትናው ጣሪያ፣ ማለትም የሚከፍለው ከፍተኛው መጠን፣ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተተመነ ጣሪያ በየዓመቱ እንዳለ እየታደሰ ከመጣ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አልተለወጠም፣ ውጭ አገር የሚገዛው ነገር ግን በጣም ተሸርሽሯል። ሂሳብ ክፍላችሁ ይህን ቶሎ ይረዳልሻል።

የሚመለስ ገንዘብም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው እዚያ በዩሮ ከከፈለ እዚህ የሚመለስለት በብር ነው ወይ? በየትኛው ቀን ምንዛሪ? በከፈለበት ወይስ ኢንሹራንሱ ባጸደቀበት? በሁለቱ መካከል ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ልዩነቱን ድርጅቱ እንደሚችለው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሠራተኛ ከአበሉ ቆጥቦ የከፈለውን አጉድሎ መቀበል የለበትም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ከኪሱ እንዳይከፍል ማድረግ ነው። እዚህ የሚሸጡት የጉዞ ዋስትናዎች ብዙዎቹ ለኢንሹራንሱ ወክሎ የታመመ መንገደኛን ከሚረዳ የውጭ ድርጅት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሰርተፍኬቱ ላይ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ስልክ አለ። መጀመሪያ እዚያ ከተደወለ ይኸው የውጭ ድርጅት ለሆስፒታሉ የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይልካል። ሳይደወል ሆስፒታል ተኝቶ በኋላ ደረሰኝ ይዞ መምጣት ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) ያጓትታል፣ አንዳንዴም ያስቀራል። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥር 112 ይደውሉ። በመላው የአውሮፓ ኅብረት ይሠራል። ኢንሹራንሱ ጋ በኋላ አብሮት ያለው ሰው ይደውላል። ስለዚህ የሦስቱም ሰርተፍኬት በሦስቱም ስልክ ውስጥ ይግባ። አንድ ቅጂ አንቺ ጋ ይቅር።

ቀኑን አታጥብቢው። ማሽን ተረክቦ መመለስ ብዙ ጊዜ ይራዘማል፤ አንድ ፈተና ካልተሳካ ሳምንት ሊጨመር ይችላል። የጥቂት ቀን ትርፍ የሚያስጨምረው ገንዘብ ትንሽ ነው። በመመለሻቸው ኢስታንቡል ወርደው መለዋወጫ የሚያዩ ከሆነም ተጠንቀቂ። ቱርክ ሸንገን ውስጥ የለችም። ለሸንገን ብቻ የተገዛ ፖሊሲ እዚያ ላይሠራ ይችላል። ቅዳሜና እሑድ ቬኒስ ሄደው ቢወድቁ የጉዞ ሕክምናው ሊሸፍናቸው ይችላል፤ ጉዳቱን ግን በሥራ ላይ የደረሰ ለማለት ያስቸግራል። ይህን እነሱም ይወቁት።

ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ካለ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፖሊሲዎች በፊት የነበረን ሕመም ብዙ ጊዜ አይሸፍኑም። መደበቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ በኋላ ክሌሙን ያስጥላል። ነገር ግን ሠራተኛው ሕመሙን ላንቺ ወይም ለአለቃው እንዲናገር አይገደድ። ቅጹን ራሱ ሞልቶ በቀጥታ ለኢንሹራንሱ ይስጥ። መድኃኒቱን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዝ።

የሻንጣ ነገር ብዙም አያሳስበኝም። ከጠፋ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ሪፖርት ያስሞሉ፣ ቅጂውን ይያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከናንተ ጥያቄ ትንሽ ይወጣል። ሸንገን ሲሆን ቢያንስ ኤምባሲው ያስገድደናል። ቻይና ጓንዡ ለንግድ ትርዒት ወይም ዱባይ ለዕቃ ግዢ ሠራተኛ ስንልክ ግን ብዙዎቻችን ፓስፖርትና አበል ሰጥተን ነው የምንሸኘው። ቻይና ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች ሰው ከማስተኛታቸው በፊት ተቀማጭ ገንዘብ ይጠይቃሉ። አዋጁ ያለው ኃላፊነት ደግሞ ኤምባሲው ጠየቀም አልጠየቀም ያው ነው። ሰው ባዕድ አገር ሲሞትብን ለአስከሬን ማስመለሻ መዋጮ ስንለምን የምናየው ነገር ነው። ለሥራ የተላከ ሰው ቤተሰብ እዚያ ላይ መድረስ የለበትም። አለቃሽን ለዚህኛው ጉዞ ስታሳምኚ የሌሎቹንም አብረሽ አንሺ።

ጊዜ ካለሽ ከፖሊሲው ውስጥ የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበትን ገጽ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው። ስምና የፓስፖርት ቁጥር ሸፍኚ። የእጅ ሥራን የሚመለከተው መስመር እንዴት እንደተጻፈ አይቼ፣ ለኢንሹራንሱ የምትልኪውን ደብዳቤ አብረን እናረቅቃለን።