ክብሪቱ ጠዋት እምቢ፣ ከሰዓት እሺ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ አረቄ ቤት አለችኝ። ካቲካላውን ከአርሲ ነገሌ ነው የማመጣው፣ ሁሌ ከአንዲት ሴትዮ። እዛ ስሄድ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ማንኪያ ላይ ጠብ ታደርግና ክብሪት ትጭርበታለች፣ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ይላል፣ «ይኸው ዳግም (ሁለቴ የወጣ) ነው፣ ውሃ አልነካውም» ትለኛለች። ባለፈው ያመጣሁትን በነጋታው በማለዳ ቤቴ ስሞክረው ሦስት ክብሪት ጨረስኩ፣ አልያዘም። ደውዬ ተጣላኋት፣ እሷም በልጆቿ ማለች። ከሰዓት በኋላ ለባለቤቴ ላሳየው ከዛው ጠርሙስ ቀድቼ ስጭርበት ቦግ አለ! አሁን ሌባው ማነው? ደሞ ስንት ፐርሰንት ሲሆን ነው የሚነደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሌባው የሐዋሳ ማለዳ ነው። ሴትየዋን ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂያት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የሚነደው ማንኪያው ላይ ያለው ፈሳሽ ሳይሆን ከላዩ የሚነሳው የአልኮል ትነት ነው። ትነቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ 3.3 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው እሳት የሚቀበለው፣ ከዛ በታች ክብሪቱን ብትጨርሺውም ምንም የለም (ከ19 በመቶ በላይ ከሆነም አየር ያንሰውና አይነድም፣ ግን ማንኪያ ላይ እዛ አይደረስም)። ትነቱ ምን ያህል ይነሳል የሚለውን ሁለት ነገር ይወስነዋል፣ አንዱ መጠጡ ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ሌላው ሙቀቱ። ስለዚ «ስንት ፐርሰንት ሲሆን ይነዳል» ብለሽ ስትጠይቂኝ እኔ ደሞ «በስንት ዲግሪ ሙቀት?» ብዬ መልሼ ልጠይቅሽ ነው፣ ይቅርታ።

ቁጥሩን ልስጥሽ። ንጹሕ አልኮል 13 ወይ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ክብሪት ይቀበላል፣ 70 በመቶ የሆነው 17 ገደማ፣ 40 በመቶው 26፣ 20 በመቶው 36፣ 10 በመቶው ደሞ ወደ 49 መሞቅ አለበት፣ ቢራ የሚባለው 5 በመቶው 62 ደርሶ ነው። ለዛ ነው ጠጅ በብርሌ ቀድተሽ ክብሪት ብትጭሪበት ክብሪቱ ራሱ አፍሮ የሚጠፋው። ግን ይሄ ሁሉ ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ትነቱም ቶሎ ይነሳል፣ ስለዚ ከእያንዳንዱ ቁጥር አራት ዲግሪ ያህል ቀንሺ። ያንቺ ካቲካላ 40 አካባቢ ነው ብንል 22 ላይ ይይዛል ማለት ነው። ማለዳ ቤትሽ 15 ዲግሪ ቢሆን አይይዝም፣ ከሰዓት 28 ሲሞላ ያው መጠጥ ቦግ ይላል። ሴትየዋ ደሞ እሳት ዳር ተቀምጣ በሞቀ ማንኪያ ስትሞክረው ያልነደደ ምን ይነዳል! ትንሽ ደከም ያለው ተራ አረቄ እንኳን እዛ ጋር ቢሞከር ጀግና ይመስላል፣ ስለዚ እሷ ባታታልልሽም ማንኪያዋ ሊያታልልሽ ይችላል።

በነገራችን ላይ ይሄ ሙከራ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ድሮ ባሩድ በመጠጡ አርሰው እሳት ይለኩሱበት ነበር፣ ከተቀጣጠለ ጠንካራ ነው፣ የመጠጥ ጥንካሬ የሚለካበት ፕሩፍ የሚለው ቃል ከዛ ነው የመጣው ይባላል፣ ልኩም ወደ 57 በመቶ ነበር። እነሱንም ሙቀቱ ስላስቸገራቸው ትተውት ወደ ሃይድሮሜትር (መጠጡ ላይ ተንሳፎ ጥንካሬውን የሚያሳይ መለኪያ) ሄዱ።

አንቺም እሳቱን ተይውና ሚዛን ተጠቀሚ። አልኮል ከውሃ ይቀላል። ባዶ የአንድ ሊትር ጠርሙስ መዝኚ፣ ከዛ አንገቱ ላይ ምልክት አድርገሽ እስከ ምልክቱ ውሃ ሞልተሽ መዝኚ፣ ውሃውን ደፍተሽ በደንብ ካንጠፈጠፍሽ በኋላ እስከዛው ምልክት አረቄውን ሞልተሽ መዝኚ። አረቄው ከውሃው 50 ግራም ያህል ከቀለለ 40 በመቶ አካባቢ ነው፣ 25 ግራም ብቻ ከቀለለ 20 ነው፣ ያኔ ብትጣይ አልፈርድብሽም። ግራም የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን ይሁን፣ የሽንኩርት ሚዛን አይሆንም። ስኳር ወይ ማር የገባበት ከሆነ ግን ይከብድና ልኩ ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሰማያዊ ከነደደ መርዝ የለበትም የሚሉትን እንዳትሰሚ። ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል ራሱ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው የሚነደው፣ እንደውም ከጥሩው አልኮል ቀድሞ እሳት ይይዛል።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ቡና አፈላለሁ፣ እዚሁ ሐዋሳ። ከሰሉ እምቢ ሲለኝ በኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ጠብ አደርግበታለሁ፣ ቶሎ ይይዛል። ጎረቤቴ ተቆጣችኝ፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ጎረቤትሽ ልክ ናት፣ በጣም። እጅ ላይ የሚደረገው ሳኒታይዘር ከ60 እስከ 80 በመቶ አልኮል ነው፣ ከላይ ያለውን ቁጥር ብታዪው ሐዋሳ ላይ ማለዳም ቀንም ክብሪት የሚቀበል ነው ማለት ነው። ፍም ላይ ስታፈሺ እሳቱ በትነቱ በኩል ወደላይ ተመልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፣ ግማሽ የደረሰ ጠርሙስ ደሞ ውስጡ ትነት የሞላበት ስለሆነ እሳቱን ወደፊት ይተፋዋል፣ አንቺ ላይም ይሁን ቡና ሊጠጣ የተቀመጠው ሰው ላይ። የባሰው ደሞ የአልኮል ነበልባል ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ጠፋ ብለሽ ስትደግሚ ነው ጉዱ።

ልብስሽን ከያዘሽ አትሩጪ፣ መሬት ላይ ተንከባለይ፣ ወይ ሰው በወፍራም ጨርቅ ይጠቅልልሽ። ምድጃ ላይ ከሆነ በሰፊ ክዳን መድፈን። አልኮል ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ እንደ ቤንዚን ላዩ ላይ አይንሳፈፍም፣ ውሃ ይሠራል፣ ግን ብዙ ነው የሚፈልገው። አንዱን ሊትር ሳኒታይዘር ወደ 20 በመቶ ለማውረድ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ ይሄዳል፣ ያ 20 በመቶም ከጋለ ምድጃ ጋር ከተገናኘ ይነዳል። ለከሰሉ ጭራሮ ወይ የሻማ ቁራጭ ተጠቀሚ፣ ሳኒታይዘሩን ለእጅሽ።