የሰው ኪት የዶሮን ፕሮቲን ይለካል?

ጥያቄ፦ የእንስሳት ሕክምና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኮክሲዲዮሲስ (ኮክሲዲያ የሚባሉ ጥገኛ ተውሳኮች የሚያመጡት የአንጀት በሽታ) የያዛቸው ጫጩቶች አንጀት ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢ-ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን በኤላይዛ (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ ይዞ በቀለም በሚለካ ምርመራ) እየለካሁ ነው። የዶሮው ኪት ስለተወደደብኝ ላብራቶሪያችን ውስጥ የተረፈ የሰው ኪት ተጠቀምኩ። ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ቆንጆ ወጣ። የጫጩቶቹ ሴረም (የደማቸው ውሃ) ግን በሙሉ ናሙና ካልገባበት ባዶ ዌል (የፕሌቱ ጉድጓድ) ጋር እኩል ሆነ። ፕሮቲኑ ጠፍቷል ብዬ ልጻፍ? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳትጽፊው። ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። ከ40 ጫጩቶች ክንፍ ሥር ደም ቀድቼ በሰው ኪት ሠራሁ። መጨረሻ ላይ አሲዱን ስጨምር የስታንዳርዱ ዌሎች ቢጫ ሆኑ፤ የቀረው ፕሌት እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ቀረ። ያ ፕሌት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ኪቱ ውስጥ ያለው ስታንዳርድ የሰው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ስታንዳርዱ ማማሩ ኪቱ አለመበላሸቱን ብቻ ነው የሚነግርሽ። አንቲቦዲ ፕሮቲኑን የሚይዘው በአንዲት ትንሽ ቦታ ነው። ያቺ ቦታ በዶሮ ላይ ከተለወጠች አይይዝም። እንዲህ ያሉት ኪቶች ብዙዎቹ ደግሞ ሁለት አንቲቦዲ ነው የሚጠቀሙት፤ አንዱ ካልያዘ ቀለም አይወጣም።

እንዴት ታረጋግጫለሽ? ብዙ ሰው ሴረሙ ላይ ትንሽ ስታንዳርድ ጨምሮ ይለካና የጨመረውን መልሶ ሲያገኝ ይደሰታል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ! የጨመርሽው የሰው ፕሮቲን ስለሆነ መገኘቱ አይደንቅም። ይልቅ ከጤነኛ ዶሮ ጉበት ወይም አንጀት ትንሽ ቁራጭ ፈጭተሽ ሞክሪ። የኢ-ካድሄሪን የዶሮ አቻ የሆነውን ፕሮቲን የጄራልድ ኤደልማን ቡድን ኒውዮርክ ውስጥ ያገኘው ከዶሮ ሽል ጉበት ነበር። ጉበቱም ባዶ ከሆነ ኪቱ ዶሮን አያውቅም ማለት ነው። ቀለም ካወጣ ደግሞ ፍጭውን በግማሽ፣ በሩብ፣ በ1/8 አቅጥኚው። እያንዳንዱን ውጤት ባቀጠንሽበት ልክ (በ2፣ በ4፣ በ8) ስታባዢው ቁጥሩ ተቀራራቢ ሊሆን ይገባል። ለዚህ ሁሉ አንድ ባለ 8 ዌል ስትሪፕ ይበቃል፤ ሙሉ ፕሌት አታቃጥዪ።

አንድ ሌላ ነገር። ይሄ ፕሮቲን የሚኖረው ሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ ነው። ሴረም ውስጥ የምታገኚው ከሴሉ ተቆርጦ የወጣውን ቁራጭ ነው፤ እሱም ከአንጀት ብቻ አይመጣም። እንዲያውም ሴል ሲጎዳ ሴረሙ ውስጥ ሊጨምር ይችላል። ጥያቄሽ ስለ አንጀት ከሆነ ራሱን አንጀቱን ለኪ። ኮክሲዲያ እንደ ዓይነቱ የሚመርጠው የአንጀት ክፍል ስላለ፣ ከሁሉም ጫጩት ከአንድ ቦታ ቁረጪ። ውጤቱንም በቁራጩ ጠቅላላ ፕሮቲን አካፍለሽ ጻፊ።

የዶሮ ኪት ስትገዪም ካርቶኑ ላይ «ዶሮ» መባሉ አይብቃሽ። የዶሮ ሴረምና ቲሹ ላይ ተሞክሮ ያገኙትን ቁጥር እንዲልኩልሽ ሻጩን ጠይቂ። ደም ስትቀጂ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ቱቦም ይቅርብሽ፤ ካድሄሪን ቅርጹን የሚጠብቀው በካልሲየም ነው፣ ኢዲቲኤ ደግሞ ካልሲየሙን ይወስድበታል።

የተረፈሽን ሴረም አትጣይው። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ -80 ዲግሪ ላይ አስቀምጪው፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰሽ አታቀዝቅዢ። ትክክለኛው ኪት ሲመጣ ጫጩቶቹን እንደገና ሳትወጊ መለካት ትችያለሽ።